«ቤቴ» ማለት ሲገባ

መጽሐፉ ሠላሳ ገጽ ብቻ ነበር፤ ሁላ የሚባለውን የደሴቲቱን ጭፈራ ከነዜማው ለሚማሩ ልጆች የተዘጋጀ፣ ሥዕል የበዛበት። ኖሄአ ግን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋው ነው ወደ አዳራሹ የገባችው። በኮምፒውተር የጻፈችው እሷ ናት።

የአያቶቿን ቋንቋ ማንበብ የጀመረችው በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አያቷ በትምህርት ቤት በተናገሩት ቁጥር ስለተገረፉ ለልጆቻቸው ሳያወርሱት ሞቱ። ልጇ ላሂላሂ ግን በቋንቋው ትዘፍናለች፣ ትጨፍራለች። እናትየው ከልጇ ወደኋላ እንዳትቀር ስትል ከሌሎች ወላጆች ጋር ፊደል ቆጠረች።

በመጽሐፉ ውስጥ ትልቁ ነገር የቱቱ ኬሲያ ዜማ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ቱቱ፣ አያታችን፣ ይላቸዋል። ዜማውን ያወጡት የእሳተ ገሞራው አምላክ፣ እመቤት ፔሌ፣ ከተራራው ወርዳ የፑናን መንደር በቀለጠ ድንጋይ ስታጥለቀልቅ የነበሩት የእሳቸው አያት ናቸው። ጎረቤት ዕቃውን ጭኖ ሲሸሽ፣ እኚያ ሴትዮ ቤታቸውን ጠረጉ፣ መስኮቱን ወለወሉ፣ ጠረጴዛው ላይ አበባ አስቀመጡ፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆመው «ወደ ቤቴ ግቢ» ብለው አዜሙላት። ቱቱ ይህን ዜማ ከቤተሰብ ውጭ ለማንም አስተምረውት አያውቁም። የልጆቹ የሁላ መምህር ካዎሂ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቶ ነው የፈቀዱለት፤ አንዲት ቃል እንዳትለወጥ አስጠንቅቀው።

ታዲያ የድሮ ሰው ሲጽፍ ምልክት አያደርግም። «ኮው» ማለት «ያንቺ» ነው። መሐሉ ላይ ጉሮሮን ቆም የምታሰኝ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ምልክት ከገባች ግን «ኮኡ» ይሆናል፤ «የኔ» ማለት ነው። ቱቱ ዜማውን ጽፈው በሰጡት ወረቀት ላይ ሁለቱ አይለዩም። ኖሄአ ወደ ቤት ግቢ የሚለው ስንኝ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ የማን ቤት?

መጠየቅ ትችል ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ስታነብ ያቺኑ ምልክት ዘላ «ዓሣው በሰለ» የሚለውን «ዓሣው ዶሮ» አድርጋው፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት «እንቁላል ሲጥል ጥሪን» ብላ ሰውን ሁሉ አስቃባት ነበር። ስለዚህ ብቻዋን አሰበች። መሬቱ የፔሌ ነው፤ ለእመቤቲቱ «ቤትሽ» ማለት አክብሮት ነው አለች። «ኮው» ብላ ጻፈች። ስልሳ መጽሐፍ ታተመ።

በምረቃው ቀን ልጆቹ መጽሐፋቸውን ዘርግተው፣ የቅሉ ከበሮ እየተመታ አዜሙ። ቱቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ገለጡት። እጃቸውን አነሱ፤ ከበሮው ቆመ።

«ካዎሂ፣ የአያቴን ቤት ለሰው የሰጠብኝ ማነው?»

መምህሩ ገጹን አየና ፊቱ ቀላ። ስህተቱ የኔ ነው፣ መጨረሻ ላይ ያየሁት እኔ ነኝ አለ። ቱቱ በተማሪዎቹ ፊት እንደ ትንሽ ልጅ ገሠጹት። ኖሄአ ከእናቶች መሐል ጆሮዋ እየጋለ ተቀምጣለች። ላሂላሂ ጠዋት ለጓደኞቿ ሁሉ «እናቴ ናት የጻፈችው» ስትል አርፍዳለች። አሁን ጓደኞቿ ዞር ዞር እያሉ ያዩዋታል። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እናትየው ይህን ስታይ ተነሣች።

«ቱቱ፣ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

«ሳታውቂ ነው?»

«መጠየቅ አፍሬ ነው» አለች፤ ለፔሌ አክብሮት መስሎኝ ብላም ጨመረች። መምህሩ ሊያግዛት ፈልጎ፣ ትርጉሙም ያን ያህል አልከፋም፣ ምድሩ የፔሌ አይደለም ወይ አለ።

«አንተ ዝም በል» አሉት ቱቱ። «አያቴ ጭሰኛ አልነበረችም። በእጇ ያቆመችውን ቤት ነው ጠርጋ የሰጠችው። የራሱ ያልሆነውን ማን ይሰጣል?»

ኖሄአ ዜማዬን መልሱልኝ የሚሉ መሰላት። እሳቸው ግን እስክሪብቶ አስመጡላትና እንዲህ አዘዙ፦ ልጆቹ በሰልፍ እየመጡ መጽሐፉን ይሰጧታል፣ እሷ ምልክቷን ታስገባለች፣ ባስገባች ቁጥርም ቃሉን ጮክ ብላ ትለዋለች፤ ጉሮሮዋ እስኪለምድ።

«ኮኡ» አለች ኖሄአ።

«አልተሰማኝም» አሉ ቱቱ።

ደገመችው። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቁን አፈነ። አሥረኛው ላይ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሃያኛው ላይ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ቱቱ ግን በቃሽ አላሏትም። ሠላሳውን ስታልፍ ላሂላሂ ደረሰች። ሳታያት መጽሐፏን ዘረጋች።

«ኮኡ» አለች እናትየው፣ ከሁሉም አጥርታ።

«እኔ እኮ ለሁሉም ነግሬያቸው ነበር» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ላሂላሂ መጽሐፏን ዘግታ ሄደች፤ ቀጥሎ ያለው ልጅ የራሱን ገልጦ ቆሞ ነበር።