ባይኔ የገመትኩት እጅጌ

ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምሠራበት ስፌት ቤት ጎራ ትላለች። እኔን "ደህና ዋልሽ" ብላኝ በቀጥታ ወደ ሳቂታዋ! ሳቂታዋ አጠገቤ ተቀምጣ ቁልፍ የምትተክለው ባልደረባዬ ናት፤ ወልዳ አታውቅም። ከሷ ጋር ሹክሹክታ፣ ከኔ ጋር "ምንም"። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ!

እኔስ ምን አጎደልኩባት? "እማዬ፣ የሸሚዞቼን እጅጌ አስረዝሚልኝ" ስትለኝ፣ በዚያ ሙቀት፣ አምስቱንም ባንድ ቀን ቀጠልኩላት። ልለካት ሜትሬን ሳነሳ ክንዷን ሰበሰበች።

"ባይንሽ ገምቺ" አለችኝ።

ሃያ ዓመት ለሰፋሁት ለኔ? ለመገመትማ ማን ብሎኝ! ሳስረክባት ሳቂታዋን በጎን አየኋት፤ እናት እንዲህ ናት ለማለት።

ዛሬ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ልጄ ገና ሳትመጣ "ልጄን ቀማሽኝ" አልኳት።

ሳቂታዋ አልሳቀችም። መርፌዋን ሰክታ ወደኔ ዞረች።

"እጅጌው ለምን እንደረዘመ ጠየቅኳት እንጂ አልቀማሁሽም። ራሷን እየጎዳች ነው፣ እህቴ። ክንዷን። ይሄ ምስጢር የሚያዝበት ነገር አይደለም፣ ለእናትሽ እነግራታለሁ ብያታለሁ። ምክንያቱን ግን ከራሷ ስሚ።"

ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ዓይኔ ሜትሬ ላይ ሲያርፍ ተውኩት። ክንዱን ሳላይ እጅጌ የቀጠልኩ እኔ ነኝ።

ልጄ መጣች። ፊታችንን ስታይ ገባት፤ በር ላይ ቆመች።

"የደንበኛችን ልጅ ሴት ትወዳለች ሲባል፣ 'እንዲህ ያለ ልጅ ከመውለድ ድንጋይ መውለድ' ብለሽ ስቀሻል" አለችኝ። "እኔም እንደሷ ነኝ፣ እማዬ።"

ብዬ ነበር። ስቄም ነበር። ማሽኑን ገፍቼ ተነሳሁና አቀፍኳት፤ ክሳቷን ያኔ አወቅኩ።

"ድንጋዩስ እኔ ነኝ" አልኳት። "አንቺ ልጄ ነሽ። እንደሆንሽው ልጄ ነሽ።"

ሳቂታዋ ቀስ ብላ ቦርሳዋን አነሳች። የልጄ ዓይን በትከሻዬ ላይ ተከተላት። ቅናቴ ዳግመኛ ተነሳ፤ ዋጥኩት።

"የት ልትሄጂ ነው?" አልኳት። "ለክንዷ ሐኪም ቤት አሁኑኑ እንሄዳለን። ሦስታችንም።"