ከቦርሳው የተፈታው ማንገቻ

ቆዳ አዳሿ ከአሮጌው የቆዳ ቦርሳ ክዳን ላይ የሚረግፈውን ቀይ ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ስታራግፍ፣ ታናሽ ወንድሟ አናቷ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

"እትዬ፣ ስትዳብሺው ሊመሽ ነው። ዘይት ቀባ ቀባ አድርጊውና ያብረቅርቅልኝ።"

"የደረቀ ቆዳ ተርቦ እንደከረመ ሰው ነው" አለችው ቀና ሳትል። "ባንዴ ካጠገብከው ይሞታል። በስሱ ይቀባል፣ አድሮ ይታያል፣ ደግሞ በስሱ ይቀባል። ሳምንት ስጠኝ።"

"የምን ሳምንት? የፖስታ ቤቱ ኤግዚቢሽን ነገ ጠዋት ነው። ስለ አባባ ንግግር የማደርገውም እኔ ነኝ።"

አባታቸው በዚህ ቦርሳ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ አድሏል። በቀብሩ ማግስት ወንድሟ "ለወንድ ልጅ ነው የሚገባው" ብሎ ወሰደና ሳሎኑ ውስጥ መስኮት አጠገብ ሰቀለው። ስድስት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ኖሮ አሁን በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል።

ማንገቻውን ገለበጠችው። ትከሻ ላይ የሚያርፈው አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ጠቁሯል፤ ግን እንደ ጆሮ ለስላሳ ነው። ሳይደርቅ ያቆየው የአባቷ ወዝ ነው። አባቷ በታመመባቸው የመጨረሻዎቹ ሰባት ወራት ያንኑ ትከሻውን ደግፋ ሽንት ቤት ታደርሰው የነበረችው እሷ ናት። ወንድሟ ያኔ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነበር።

"ይቺን እድፍ ግን አጥፊልኝ" አለ ጎንበስ ብሎ። "ካሜራ ላይ ታስጠላለች።"

"እድፍ?"

"ታዲያ ምንድን ናት?"



"ይሄ አይለቅም። ማንገቻውን በአዲስ ልቀይርልህ?"

"ቀይሪዋ! መጀመሪያስ ይሄን ሁሉ ምን አዳረቀሽ?"

ስፌቱን በወስፌ ፈታች። ከመደርደሪያዋ አዲስ ማንገቻ አውርዳ ሰፋችለት። ከዚያ ለደንበኛ ሁሉ "አደራ፣ እንዳታስነኩት" ስትል የኖረችውን የጫማ ቀለም ከፈተችና ቦርሳውን ጥግብ አድርጋ ቀባችው። ቆዳው ዓመት ሳይሞላው ተሰነጣጥቆ እንደሚነሳ ታውቃለች። አልነገረችውም።

ቦርሳው አበራ።

"ይኸው! አንቺ እኮ ነገር ማካበድ ትወጃለሽ" አለና ግንባሯን ስሞ ወጣ። አሮጌው ማንገቻ የት ገባ ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

በሩን ከውስጥ ቆለፈች። የጥጥ ጨርቅ ጣቷ ላይ ጠቅልላ ከቆዳ ቅባቱ ጥቂት ነካች፤ ማንገቻውንም ከደረቀው ጫፍ ጀምራ በስሱ ትቀባው ጀመር። የጠቆረው ቦታ ላይ ስትደርስ እጇን አነሳች። ዘለለችውና ከወዲያኛው ጫፍ ቀጠለች።