ማንኪያው በማን እጅ

አባቷ አፋቸውን ከፈቱ። ማንኪያው ገባ፣ ባዶውን ወጣ። ደግመው ከፈቱ።

እህትየው የወተት ባልዲዋን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ጉድ እኮ ነው! ግራ ጎናቸው ከከዳቸው ስድስት ዓመት ሆነ፤ ስድስቱን ዓመት ሙሉ አንድ ሳህን ሾርባ ለማብላት በቀን ሦስቴ ስትታገል ነው የኖረችው። ጥርሳቸውን ይገጥማሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፣ ደግ የሆኑ ቀን ሁለት ማንኪያ ይቀበሉና ሦስተኛውን ደረቷ ላይ ይተፉታል። አሁን ግን ታናሽ ወንድሟ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ትናንት በመኪና ዱብ ያለው ሰው፣ ራስጌያቸው ተቀምጦ፣ ግራ ክንዱን በአንገታቸው ዙሪያ አሳልፎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ሳህኑን ሊጨርስላቸው ነው።

«አየሽ? አየሽልኝ?» አለች ጎረቤቷ። ልብስ ሰፊ ናት፤ እንግዳ መጣ ሲባል ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ደርሳ ወንበር ላይ ተደላድላለች። «መብላት መች አቃታቸው! ወንድ ልጃቸው ናፍቋቸው ነው እንጂ።»

«ሾርባውን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«እሱማ አንቺ ነሽ፣ ማን ካደሽ? ግን እጅ ይለያያል እኮ፣ እናቴ።»

እጅ ይለያያል! እህትየው ባልዲውን ስታሳርፈው ወተቱ ተንቦጫርቆ መሬት ላይ ፈሰሰ። ጀርባቸው እንዳይቆስል ሌት ተቀን የሚያገላብጣቸው የማን እጅ ነው? ከሥራቸው የሚጠርገው፣ ጢማቸውን የሚላጨው፣ ጥፍራቸውን የሚቆርጠውስ? ወንድሟ ባዶውን ሳህን ወደ እሷ ዘንበል አድርጎ አሳያትና ፈገግ አለ። እሷም ሳቀች፤ ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ።

ወደ በረት ተመለሰች። ሁለተኛዋን ላም ስታልብ እጇ ከበደ መሰል ላሟ ተራገጠችባት።

«አንቺ ደግሞ! አንቺም ወንድ እጅ ናፈቀሽ?» ብላ ጮኸችባት። ላሟ ምን አጠፋች? ምንም። ሰው ላይ መጮኽ ያቃተው ከብት ላይ ይጮኻል።

የወተቱ መኪና መጥቶ ጣሳዎቹን ጭኖ ከሄደ በኋላ ወንድሟ ብቅ አለ። ደጃፉ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። ከመጣ ጀምሮ በረቱን በሩቁ ነው የሚዞረው።

«እታለም፣ ሥራ አስፈታሁሽ?»

«አልፈታሁም። ተናገር።»

«ልወስደው ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ።»

«ማንን?»

«አባትሽን ነዋ። ቤቴ ሰፊ ነው፣ ብቻዬን ነኝ። አንቺ በቃሽ። ጉልበትሽ እዚህ አለቀ እኮ።»

«ደከመኝ ብዬሃለሁ?»

«እስክትይኝ ልጠብቅ? እጅሽን እዪው እስቲ። ደግሞ እንደዚህ ያለ በሽተኛ ቶሎ ቶሎ ካልተገላበጠ ጀርባው...»

«ለቀባሪው አረዱት!» አለችው። ወንድሟ ሊስቅ ብሎ ተወው፤ «ምሳውን አብልቼው እንነሣለን» ብሎ ሄደ።

አንድ የከብት ሐኪም ነበር፤ ሁለት ዓመት ጠብቋት፣ «አባቴን ማን ላይ ጥዬ?» ስትለው ሌላ አግብቶ ቀረ። እሷ አሁን አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ሰው አባትሽን ልሸከምልሽ ሲላት በእልልታ መቀበል አልነበረባትም? እሷ ግን የታያት ሌላ ነው። እዚያ ሄደው ሊበሉ ነው፣ ፊታቸው ሊመለስ ነው፣ ሊወፍሩ ነው። ያቺ ልብስ ሰፊ ደግሞ በየቤቱ እየዞረች «ሴቲቱ ጋ ሲመነምኑ ኖረው ልጁ ጋ አገገሙ» ልትል ነው። ስድስት ዓመቷን በአንድ ማንኪያ ሊበላባት!

እውነቱን እንናገር ካልን ቅናቱ የዛሬ አይደለም። ልጆች ሳሉ አባታቸው ከማሳ ሲመለሱ «ና!» የሚሉት እሱን ነበር። በረት ይዘውት ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ የቀበቶው ድምፅ ይሰማል። እሷን አንድ ቀን አልነኳትም። አልነኳትም፣ አልጠሯትም፤ ዐይናቸው እንደ ቤት ዕቃ አልፏት ይሄድ ነበር። የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ የወንድሟን ለቅሶ እየሰማች፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ «እሱስ ይጠራል» ብላ ቀንታለች።

በአሥራ ሁለት ዓመቷ የከብት መኖውን፣ የአልፋልፋውን ማሳ በር መዝጋት ረሳች። ዋናዋ የወተት ላም ገብታ እርጥቡን ስትግጥ አድራ ጠዋት ሆዷ ተነፍቶ ሞታ ተገኘች። «ማነው?» አሉ አባታቸው። እሷ ጣቷን ወደ ወንድሟ ቀሰረች። «ጎበዝ» አሏት ራሷን ዳበስ አድርገው፤ በዕድሜዋ ከእሳቸው ያገኘችው ጎበዝ ያ ብቻ ነው። ወንድሟ ያን ቀን ከበረት ሲወጣ አንድ ጆሮው አይሰማም ነበር። ዛሬም አይሰማም። ከዚያ ሰንበትበት ብሎ እህል አልቀምስ አለ። አባታቸው ራሳቸው አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ ክንዳቸውን በአንገቱ አሳልፈው፣ ሳምንት ሙሉ በማንኪያ አበሉት። እሷ በጓዳው በር አጮልቃ አይታ ያን ሌሊት በቅናት አልተኛችም። በማግስቱ «አመመኝ» ብላ ጋደም አለች። ማንም ማንኪያ አልያዘላትም።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሾርባውን አሙቃ ለወንድሟ ሰጠችው። ልቧ ግን አላረፈም። ዘዴውን ባውቅ እኔስ ምን ያቅተኛል? ብላ በጓሮ ዞረች። ከአልጋው ራስጌ ትንሽ መስኮት አለች፤ ተጠግታ አየች።

የወንድሟ ክንድ እያቀፈ አልነበረም። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ከጆሯቸው ሥር ሥጋቸው ውስጥ ገብተዋል።

«ዋጥ» ይላል በቀስታ። «ዋጥ። ብትተፋት ከመሬት ላይ ነው የምትልሳት።»

ደኅናው ቀኝ እጃቸው አንሶላውን ጨብጧል። እንባቸው በጉንጫቸው ወርዷል። አፋቸውን ከፈቱ።

የሰማችው ቃል አዲስ አልነበረም። ያኔ በጓዳው በር አባታቸው ወንድሟን «ዋጥ» ሲሉት ሰምታለች፤ ሰምታ ማባበል ነው ብላለች። ጣቶቹ አይታዩዋትም ነበራ! እና በዚህ ነው ዕድሜዋን ሙሉ የቀናችው? በዚህ? እሷ ላይ የሚተፉትስ ስለማይፈሯት አልነበረም? ዞራ ሮጣ ገባች።

«እጅህን አንሣ!»

«ምን ሆንሽ? እያበላሁት ነው።»

«በመስኮት አይቼሃለሁ።»

ወንድሟ እጁን አነሣ። በአባትየው አንገት ላይ ሁለት ቀይ ምልክት ቀርቷል። ሳህኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠና መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እሱ ነው ያስተማረኝ» አለ። «ሌላ ማብላት አላውቅም።»

«አይሄዱም። ከዚህ ቤት የትም አይሄዱም።»

«ለሱ አዘንሽ? ለሱ! እኔ እዚያ በረት ውስጥ ስጮኽ የት ነበርሽ አንቺ?»

መልስ ነበራት። «ልጅ ነበርኩ» ብትለው ማንም አይፈርድባትም። ወንድሟ የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ወጣ። በሩን አላጋጨውም፤ ቢያጋጨው ይሻላት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ጩኸቱን ሰምታ ከተፍ አለች።

«ምንድን ነው? ተጣላችሁ እንዴ?»

«እዚህ ተቀመጪልኝ። ካልበሉ ተያቸው፣ እንዳታስገድጃቸው።»

«አንቺስ ወዴት ነሽ?»

ሞተሩ ሲነሣ ተሰማት። ዝም ብትል ይሄዳል። ነገ ሰፈሩ «አባቱን ሲያሠቃይ ተገኘ» ይላል፣ እሷ ስድስት ዓመቷን እንደ ያዘች ትቀራለች። የዱሮዋን ላም ማን እንዳስፈጃት የሚጠይቅ ማንም የለም። የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ አባቷም ቢሆኑ ሳያውቁ ይሞታሉ።

ግቢውን በነጠላ ጫማ አቋርጣ ሮጠች። መኪናው ወደ መውጫው ሲታጠፍ ደረሰችበትና በሩን ከፍታ አጠገቡ ገባች። ወንድሟ ፍሬኑን ረገጠ።

«እብድ ነሽ? ልገጭሽ ነበር እኮ!»

«ደረጃው ላይ ነበርኩ» አለች እያለከለከች። «የት ነበርሽ አላልከኝም? ደረጃው ላይ ተቀምጬ እሰማ ነበር። የአልፋልፋውን በር ክፍት የተውኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ላሟን የገደልኩት እኔ ነኝ። በአንተ ላይ ጣቴን የቀሰርኩት እያወቅሁ ነው።»

ወንድሟ መሪውን እንደ ጨበጠ ቀረ።

«ለምን?»

«ፈርቼ። ደግሞ ቀንቼ።»

«ቀንተሽ?»

«ሁልጊዜ አንተን ነበር የሚጠሩት።»

ሳቀ። ሳቁ ግማሽ ላይ ተሰበረበትና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ እጇን ልትዘረጋ ብላ አልደፈረችም። ሞተሩ እንደ ተነሣ ነው። ከቤት ውስጥ የልብስ ሰፊዋ «ኧረ ኑ! አልበላም አሉኝ እኮ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«ስሚያት፣ ትጠራሻለች» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ውረጂ። አባትሽ ጋ ሂጂ።»

«አልወርድም» አለችና በእሷ በኩል ያለውን በር ስባ ዘጋችው።