የበሩ እጀታ

እና ያቺ ነገር ደግሞ ከአፏ ታመልጣለች፣ ሐኪሙ ይነግርዎታል ጋሼ ቨርነን፣ ራሞና አላሰበችበትም፣ ምላሷ ነው የለመደው፣ ሃያ ዓመት ነርስ ሆና በሽተኛ በጠየቃት ቁጥር ስትለው የኖረችው ነው፣ ሽማግሌው ግን ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ትክ ብለው ያዩዋታል፣ የቱ ሐኪም? አንቺ አይደለሽም እንዴ?

የቱ ሐኪም።

የለም። ከዚህ ክሊኒክ ሐኪም ከራቀ ቆይቷል፣ የከሰሉ ጉድጓድ ሲዘጋ ሱቁም ሐኪሙም ነርሶቹም ተከታትለው ሄዱ፣ እዚህ የኬንታኪ ተራራ ሥር የቀረው ሳል ያለበትና መሄጃ የሌለው ነው፣ ክሊኒኩም ውስጥ የቀሩት ብሪያና፣ አንዲት የካርድ ክፍል ልጅ፣ እና እሷ ብቻ። ነርስ ፕራክቲሽነር። መርምራ፣ በሽታውን ለይታ፣ መድኃኒት የምታዝ። ጋዋኗ ላይ በሰማያዊ ክር ተጠልፏል፣ ማስተርሷን ይዛለች፣ ፈተናውን አልፋለች፣ ፈቃዷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ አልበቃም፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ዓመት ሥልጠና፣ በአርባ ስድስት ዓመት እንደገና ጀማሪ፣ ከእያንዳንዱ በሽተኛ በኋላ ኮሪደር ወጥቶ ለአሠልጣኟ ማስረዳት፣ ይህን አየሁ ይህን ጠረጠርኩ ይህን ልሰጥ አስቤያለሁ፣ አሠልጣኟ ደግሞ ብሪያና! ተማሪ ሆና ሆስፒታል ስትመጣ ደም ሥር እንዴት እንደሚገኝ ያሳየቻት ማን ሆነና፣ እጅሽ አይንቀጥቀጥ አንቺ ልጅ እየተባለች፣ ዛሬ ጠዋት የጋሼ ቨርነንን የስካን ውጤት አብረው አዩና አንቺ ግቢልኝ ብትላት፣ እምቢ። ሞና የኔ እህት፣ ይሄ ያንቺ ነው፣ እኔ በር ላይ ነኝ። በር ላይ። በር ላይማ ውሻም ይቆማል።

ውጤቱ አያሻማም። ቀኝ ሳንባ ላይ እብጠት፣ ጉበት ላይም ተበትኗል። ናሙና ሳይወሰድ በእርግጠኝነት አይባልም፣ ይሄ ደግሞ ጥሩ መደበቂያ ነው፣ ናሙና ይወሰዳል ጋሼ፣ ሌክሲንግተን እንልክዎታለን፣ እዚያ ያሉት ሐኪሞች ይነግሩዎታል ትላለች፣ ያውና፣ ሐኪም ተገኘ፣ ከተራራው ማዶ።

ጋሼ ቨርነን ይጠብቃሉ። ከአባቷ ጋር አንድ ጉድጓድ ሲወርዱ የኖሩ ናቸው፣ መጠበቅ ያውቃሉ። ከዚያ፣ ስሚ የአርቪን ልጅ፣ ብዙ ነገር አልጠየቅኩሽም፣ ስቅለት ደርሷል፣ የድንች መትከያችን፣ ልትከል ወይስ ልተወው? ያ የኦሃዮው ልጄም ልምጣ ወይ እያለ ይነዘንዘኛል። ሚስታቸው እትዬ ኦፓል ከጎናቸው፣ ተው ቨርነን፣ ልጅቷን አታስጨንቃት፣ መቼ አስጨነቅኳት? ድንች ነው የጠየቅኳት።

አሁን ነው እጇን የምታየው። የበሩን እጀታ ይዟል። መቼ ተነሳች? ማን አስነሳት? ዶክተር ሃልስተድ እንደዚህ ነበር የሚቆመው፣ ያኔ ሆስፒታል፣ አንድ እግሩ ውጭ፣ ካንሰር ነው፣ ጥያቄ አለ? ማን ይጠይቃል፣ ይወጣል፣ ከኋላው የምትገባው እሷ ነበረች፣ ውሃ ይዛ፣ ወንበር ስባ፣ ሰውዬው ያለውን በሰው ቋንቋ ደግማ፣ በሽተኞቹ እስኪያለቅሱ ጠብቃ፣ አልቅሰው እስኪጨርሱም ጠብቃ፣ ከዚያ መድኃኒት ክፍል ገብታ ትሰድበዋለች፣ መርዶ ወርውሮ የሚሮጥ ፈሪ፣ እኔ ብሆን ቁጭ ብዬ ነበር የምነግራቸው። እኔ ብሆን። ለዚህች ለእኔ ብሆን ነው እኮ የተማረችው፣ መኪና ውስጥ የቀዘቀዘ የበቆሎ ዳቦ እየገመጠች ያነበበችው። ይኸው ሆነች።

እጀታውን ትለቃለች። ባለጎማውን በርጩማ ትስባለች፣ ጉልበቷ ጉልበታቸውን እስኪነካ።

ካንሰር ይመስለኛል ጋሼ። ናሙናው ሌላ ቢል ደስታዬ ነው፣ ግን አይመስለኝም፣ ከሳንባ አልፎ ጉበት ገብቷል።

ድንቹን ይትከሉ፣ ትላለች፣ ልጅዎ ይምጣና ይቆፍር፣ እርስዎ ተቀምጠው ይዘዙት፣ ቶሎ ይምጣ ብቻ። ማዘዙንስ እችልበታለሁ ይላሉ ሽማግሌው፣ ሊስቁ ሲሉ ሳሉ ይቀድማቸዋል፣ እትዬ ኦፓል ቦርሳቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ፣ የሚፈልጉት ነገር ቦርሳው ውስጥ የለም፣ አሁን ነው ሰው የሚያስፈልገው፣ ምንም ሳይል የሚቀመጥ ሰው፣ ውሃ የሚያመጣ፣ ይህን ከራሞና በላይ የሚያውቅ የለም።

በሩ ይንኳኳል። ብሪያና ናት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሞና፣ ሦስት ቁጥር ውስጥ ሕፃን አለ፣ ትኩሳቱ አልወርድ ብሏል፣ ከሱም ኋላ ሰው ተደርድሯል። ለአንድ በሽተኛ ሩብ ሰዓት። መርዶም ሩብ ሰዓት፣ የጆሮ ሕመምም ሩብ ሰዓት። ሃልስተድስ ስንት ነበር የተሰጠው? አንድ ቀን እንኳ ጠይቃው አታውቅም። ሕፃኑ ግን ያለቅሳል፣ በግድግዳው በኩል ይሰማታል፣ እዚህ ያሉት አያለቅሱም፣ ገና ናቸው፣ ትነሳለች፣ በርጩማው በራሱ ጎማ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ እጇ እጀታውን ያገኘዋል፣ ብረቱ ገና አልቀዘቀዘም፣ አንድ እግሯ ውጭ ነው፣ አይዞዎት ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ፣ ምላሷ ደግሞ ቀድሟት ይሄዳል፣ ነርሷ አሁን ትመጣለች።

የቷ ነርስ? ይላሉ ጋሼ ቨርነን።