ጉማሬው፣ ቁም ሳጥኑና ዝንቧ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» እያለ ነበር የሚጠራው። መቀሱን ሳይከፍት አፉን ይከፍታል፤ ደንበኛ ጺሙን ተላጭቶ እስኪነሣ ድረስ የኳሱን ውጤት፣ የሰፈሩን ወሬ፣ የጎረቤት ድመት ጠባይ ሳይቀር ሰምቶ ነው የሚሄደው። ከዕለታት በአንዱ ክፉ ትኩሳት ጣለው። ከአልጋው ሲነሣ ጉልበቱ ተመለሰ፤ ጆሮዎቹ ግን ጭው እንዳሉ ቀሩ፤ መስማት አቆመ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከዚያ ወዲህ የሰዉን ወሬ የምታደርስለት እሷ ሆነች። ፊት ለፊቱ ቆማ ቀስ ብላ ስትናገር ከንፈሯን አይቶ ይረዳታል፤ ጨለማ ከሆነ ደግሞ በጣቷ መዳፉ ላይ ትጽፍለታለች። እሱ ግን ዝምታ አበዛ። መናገሩስ አላቃተውም። የገዛ ድምፁን ስለማይሰማ ይጩህ ያንሾካሹክ አያውቅም፤ አፍሮ ተወው። ደንበኞቹ መጀመሪያ «ምነው፣ ባትሪ ጨረስክ?» እያሉ በእጃቸው ቀለዱበት፤ እሱ አልስቅ ሲል ቀልዱም ቀረ። መቀሱ ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ሲኒማ ነፍሱ ነበር። ከበሽታው በኋላ ግን አንዴ ብቻ ነው የሞከሩት። ፊልሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የሚያስቅ ነገር ተናገረ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሚስቱም ቶሎ ብላ መዳፉ ላይ መጻፍ ጀመረች። ቀልዱ ረዥም ነበር፤ እሱም በቀልድ በልኩ የሚስቅ ሰው አይደለም። ነገሩ ሲገባው ሳቁን ከሆዱ ለቀቀው። ያን ጊዜ ግን ፊልሙ ወደ ሌላ ነገር አልፎ የአንዲት ልጅ እናት በሞት አልጋ ላይ ነበረች። ፊት ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠበት። አንዲት ሴትዮ መሐረቧን ከዓይኗ አውርዳ «ምን ዓይነት አረመኔ ነው!» አለች። እሱ ቃሉን ባይሰማም ፊቷን አነበበው።

ከዚያ ወዲያ ሚስቱ ሲኒማ ባነሣች ቁጥር «አንቺ ሂጂ፤ እኔ ሰው ሲሞት የምስቅ ነኝ» ይላታል። እሷ ደግሞ ብቻዋን መሄድ አንጀቷ እምቢ አላት።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለፀጉር ቤቱ ፎጣ ገዝተው ሲመለሱ ዶፍ ወረደባቸው። እየሮጡ ሄደው የተጠለሉት ያው ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሆነ። ትኬት ሻጭዋ ከድሮ ጀምሮ ታውቃቸዋለችና በመስኮቷ አንገቷን አወጣች።

«ጠፍታችሁ ጠፍታችሁ ዝናብ አመጣችሁ?» አለች። «እዚያ ቆማችሁ ከምትበሰብሱ ግቡ እንጂ። ከፊልሙ በፊት የድሮ ካርቱን አለ፤ ሊጀምር ነው።»

ሚስቱ ወደ እሱ ዞራ «አጭር ካርቱን ነው፤ ዝናቡ እስኪያባራ» አለችው።

«የልጆች?»

«የልጆች። ከደበረህ እንወጣለን።»

ዝናቡን አየ፤ የታቀፈውን ፎጣ አየ። «እሺ፤ ፎጣው እንዳይርስ» አለ።

አዳራሹ በግማሽ ሞልቷል፤ እርጥብ ልብስ እርጥብ ልብስ ይሸታል። መብራት ጠፋ። አንድ ወፍራም ጉማሬ ትንሽዬ የተሸካሚ ቆብ አናቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ የሚያህለውን ቁም ሳጥን አዝሎ ብቅ አለ። ሙዚቃው ሞቅ ብሎ ጀመረና ጠርርር አለ፤ ከዚያ ድምፁ ጭራሹን ጠፋ። ሥዕሉ ግን መሄዱን አላቆመም።

«ድምፅ! ድምፅ!» ተባለ። ፉጨቱ ቀለጠ፤ ወለሉ በእግር ተደበደበ። ትኬት ቆራጩ ወደ ማሽን ክፍሉ ሮጠ። ሚስትየው የሆነውን ልትጽፍለት የባሏን እጅ በጨለማ ብትፈልገው አጣችው። ሁለቱንም እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ወደ ፊት ተንጠራርቷል።

ጉማሬው ደረጃውን በላብ ተጠምቆ ይወጣል። አንዲት ዝንብ መጥታ ቁም ሳጥኑ ላይ ቂብ አለች። ይሄኔ ጉልበቱ ተብረከረከ፤ ሆዱ መሬት ነካ። ዝንቧ ስትነሣ እሱም ቀና ይላል፤ ስታርፍ ይዘረጋል። ደግሞ ተነሣች። አሁን ገላገለችኝ ብሎ ተንፍሶ ወደ ተመልካቹ ፈገግ ሲል፣ ተመልሳ አረፈች።

ሬዲዮ ሳቀ። እንዲያ ያለ ሳቅ ሚስቱ ከሰማች ቆይታለች። ልክ የለውም፤ ከፉጨቱም ከጩኸቱም በላይ ሆነ። ፊት የተቀመጡት ምን ያስቀዋል ብለው ዞሩ፤ ከዚያ እሱ የሚያየውን ለማየት ወደ ሸራው ተመለሱ። አንዱ ፍርፍር አለ። ሌላው ተከተለ። ፉጨቱ በየወንበሩ እየበረደ ሄዶ አለቀ።

ጉማሬው የላይኛው ፎቅ ደርሶ በሩን ሳተና በመስኮት ወጣ። ከነቁም ሳጥኑ አየር ላይ መራመድ ጀመረ። አላወቀም፤ ስላላወቀም አልወደቀም።

«ወደ ታች እንዳታይ!» ብሎ ጮኸ ሬዲዮ። «አንተ ሰውዬ፣ እንዳታይ!»

ጉማሬው አየ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሚስትየው የቀረውን አላየችም ማለት ይቻላል። በሸራው ብርሃን የባሏን ፊት ነበር የምታየው። ሰዉ ሲስቅ ይስቃል፤ ሰዉ ትንፋሹን ሲይዝ ይይዛል። የሚጠብቀው አስተርጓሚ የለም። መጨረሻ ላይ ዝንቧ እያዘነች መጥታ ቁም ሳጥኑን በአንድ እግሯ፣ ጉማሬውን በሌላው አንጠልጥላ ፎቁን ስትወጣ፣ ከአጠገቡ ያለ የማያውቀው ሰው ትከሻውን እየደበደበ አብሮት በሳቅ ይንፈራፈር ነበር።

መብራት በራ። ትኬት ቆራጩ እያላበው መጥቶ «ይቅርታ፣ ድምፁን እያስተካከልን ነው» አለ።

«ድምፁ ይቅር! ካርቱኑን ድገሙልን!» አለ አንዱ ከኋላ።

ደገሙት፤ አሁንም ያለ ድምፅ። ዋናው ፊልም ሲጀምር ድምፁ ተስተካከለ። ሚስቱ መዳፉ ላይ «እንሂድ?» ብላ ጻፈች።

«አንቺ እዪ» አላት። «እኔ ጉማሬዬን እያሰብኩ እቀመጣለሁ።»

ሲወጡ ዝናቡ አባርቷል። ደጃፉ ላይ አስቁማ ነገረችው። «የካርቱኑ ድምፅ ተበላሽቶ ነበር። ማንም ምንም አልሰማም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

«ምስኪኖች» አለና እንደገና ሳቁ ፈነዳ፤ እሷም አልቻለችም፤ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች።

በማግስቱ የደንበኞች ሽርጥ ሰፍታ ልታደርስ ፀጉር ቤቱ ሄደች። ከበሩ ማዶ ድምፁ ይሰማል፤ ከልኩ በላይ ይጮኻል፤ ማንም ግን ጆሮውን አልያዘም። ወንበሩን አናቱ ላይ ተሸክሞ ጉልበቱን እያጠፈ ይዘረጋል። ተራ የሚጠብቁት ሆዳቸውን ይዘዋል። አንድ ጉንጩ ብቻ የተላጨ ደንበኛ አረፋው ፊቱ ላይ እየደረቀ መሐል ወለል ላይ ቆሟል፤ የተቀመጠበትን ወንበር ነው የወሰደበት። ሰውየው ግን አልተቆጣም። እጁን እንደ ክንፍ እያርገበገበ የወንበሩን ጫፍ በጣቱ ነካና፣ ሬዲዮ እንዲያየው ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ «አሁን አረፈች» አለው።