ስልሳ ሁለተኛው ጨርቅ

ጀማለዲን ሃያ ስድስት ዓመት ሚኒባስ ሲነዳ አንድም ሰው ገጭቶ አያውቅም። ይህን የሚናገረው ራሱ ነው፤ ረዳቱ ቢሰለች፣ ሚስቱ ብትሰለች፣ ተሳፋሪው ቢሰማም ባይሰማም ይናገራል። ከየካ አባዶ መገናኛ እየተመላለሱ ሰው ሳይነኩ መኖር ቀልድ ስላልሆነ ትንሽ ቢኮራ አይፈረድበትም። በዚያ እሑድ ጠዋት እንጦጦ ጫካ ውስጥ ግን ኩራቱ ምንም አልጠቀመውም።

ወደ ጫካው ያመጣችው ልጁ ዋርዳ ናት። ዋርዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን የተራራ ሳይክል ተወዳዳሪ ናት። ከተራራ ላይ በሳይክል ቁልቁል መወርወር ምኑ እንደሚጥማት አባቷ እስከ ዛሬ አልገባውም። ሊከለክላት ሞክሯል፤ አኩርፏል፤ አስመክሯል፤ እናቷንም ልኮባታል። ሁሉም አልሆን ሲለው፣ እንግዲያው መንገዱን እንኳ ላጽዳላት ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቅርንጫፍ ከሚቆርጡት በጎ ፈቃደኞች ጋር ተቀላቀለ። የሳይክሉ መንገድ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በላይ ካለው ጫካ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ስፋቱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ክረምት ባለፈ ቁጥር ዛፉም ቁጥቋጦውም ከግራና ከቀኝ ያጎነብስበታል።

የበጎ ፈቃደኞቹ አለቃ አስያ ናት። አስያ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ እሷም ድሮ ተወዳዳሪ ነበረች። ከአራት ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ ስትወርድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ግራ ዓይኗን ወሰደው። ስለዚያ ቀን አታወራም፤ ግን ከዚያ በኋላ አንድ ሕግ አወጣች። ሁልጊዜ እሷ በሳይክሏ ቀስ እያለች ትቀድማለች። ፊቷ ድረስ የወረደ ቅርንጫፍ ባገኘች ቁጥር ከአሮጌ ቀይ መጋረጃ የተቀደደ ጨርቅ ታስርበታለች፤ ስንት እንዳሰረችም ትይዛለች። ቆራጮቹ ከኋላ በመቀስና በመጋዝ እየቆረጡ ጨርቁን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ። ሲጨርሱ ጨርቁ ሁሉ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ይቆጠራል። የታሰረውን ያህል ከተመለሰ መንገዱ ንጹሕ ነው። አንድ ከጎደለ ግን ደከመኝ የለ፣ ራበኝ የለ፣ ሁሉም ሰው እንደገና ከላይ እስከ ታች ይፈልጋል።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ቅዳሜ አስያ ስልሳ ሁለት አሰረች። ባልዲው ውስጥ የተገኘው ስልሳ አንድ ነበር።

ቆጣሪው ጀማለዲን ነው፤ እሱ አይሳሳትም ብለው የሾሙት እነሱው ናቸው። ሁለቴ ቆጠረ፤ ያው ስልሳ አንድ። ቀና ሲል የመስከረም መጨረሻ ሰማይ ጠቁሯል፣ ሰዉ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ የዋርዳ የኋላ ፍሬን ደግሞ ላልቷል፤ ሳይመሽ ካላጠበቀላት በነገው ውድድር አትገባም። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አንድ ጨርቅ ጎድሎ ሁሉም ተራራውን እንደገና ወጥቷል። አንዴ ከቆራጮቹ ከአንዱ፣ ከሚልኬሳ ጃኬት ኪስ ተገኘ፤ አንዴ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ለከንቱ ነበር ልፋቱ። አሁንም እንደዚያው ነው፣ አለ በልቡ። የመቀሱ እጀታ እንዳያንሸራትተው ከዚያው ቀይ መጋረጃ ቀዶ ጠቅልሎበት ነበር። ዞር ብሎ ፈታውና ባልዲው ውስጥ ጣል አደረገው።

«ስልሳ ሁለት!» አለ ጮክ ብሎ።

ሰዉ አጨበጨበ። አስያ መቀሱንና መጋዙን ሰብስባ መኪናዋ ውስጥ እየቆለፈች፣ «እግዜር ይስጥልን ጋሽ ጀማል፣ እርስዎ ባይኖሩ እዚሁ እናድር ነበር» አለችው። ያን አመሻሽ የዋርዳን ፍሬን አጠበቀ። የጓደኛዋን የናፍቆትንም አጠበቀ። ናፍቆት የኮተቤ ልጅ ናት፤ አብረው ይለማመዳሉ፣ ምሳዋን እሱ ቤት የምትበላበት ቀን እናቷ ቤት ከምትበላበት ይበልጣል። ሁለቱም ሲስቁ፣ እሱም አብሮ ሲስቅ አመሸ። ስለ ጨርቁ አንዴም አላሰበም።

እሑድ ጠዋት በጎ ፈቃደኞቹ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው በየመታጠፊያው ቆሙ። ለጀማለዲን የደረሰው መሃል ላይ፣ እንጨት ለቃሚ ሴቶች የሚወርዱበት አቋራጭ አጠገብ ነበር። ውድድሩ ሦስት ሰዓት ይጀመራል። ሁለት ሰዓት ከሃያ ሲሆን አንዲት አሮጊት የጭራሮ ሸክማቸውን ተሸክመው ብቅ አሉ። ሸክሙ ጫፉ ላይ ታስሯል። የታሰረው በቀይ ጨርቅ ነው።

ጀማለዲን ሮጦ ተጠጋቸው። መጋረጃውን ያውቀዋል፤ ጠርዙ ላይ ያለችውን ወርቃማ ክር ያውቃታል።

«እናቴ፣ ይህን ጨርቅ ከየት አገኙት?»

አሮጊቷ ሰደርያውን አዩ። ጠባቂ መሰላቸው። «እኔ ምንም አልቆረጥኩም። ወድቆ ያገኘሁት ጭራሮ ነው።»

«እንጨቱን አይደለም የምለው። ጨርቁ የት ነበር የታሰረው?»

«ትናንት ገመዴ ተበጥሶብኝ ነው የፈታሁት። አልቆረጥኩም አልኩህ እኮ ልጄ።»

«ወላሂ ጠባቂ አይደለሁም! የት ነው ብቻ ይበሉኝ፣ ልጄ ናት የምትመጣው!» ብሎ ክንዳቸውን ያዘ። ይህን ጊዜ ነው ነገሩ የተበላሸው። ክንዱን ከተያዘ ሰው እውነት አይገኝም።

«ከታች ነው» አሉ አሮጊቷ ክንዳቸውን እየሳቡ፣ «ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ወንዙ ጋ።» ይህን ሰው ከራሳቸው የሚያርቅላቸው ቦታ ነው የጠሩት።

የአንገት ልብሱን ፈትቶ ሰጣቸውና በምትኩ ቀዩን ጨርቅ ወሰደ። ስልኩን አወጣ። ማድረግ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ያውቀዋል። አስያ ጋ ደወለ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።

«አቤት ጋሽ ጀማል! ሁሉ ሰላም?»

ከኋላዋ ሙዚቃ ይሰማል። «ውድድሩን አቁሚ» ሊል አፉን ከፈተ። ለምን ስትለው ምን ሊላት ነው? ቆጠራውን አጭበረብሬያለሁ? አንቺ በዓይንሽ የከፈልሽበትን ሕግ እኔ ብርድ ስለበረደኝ ጣልኩት?

«ምንም፤ ሰዓቱን ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

«ገና ነው፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይቀራል። ዋርዳ እዚህ አጠገቤ ናት፣ ላገናኝዎት?»

«አይ፣ ተያት» አለና ዘጋው። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ብዙ ነው፤ ወርጄ፣ አግኝቼ፣ ሰብሬ ጥዬ እመለሳለሁ፤ ማንም ሳያውቅ ያልቃል፣ አለ። በዕድሜው እንደዚያ ቀን ቂል ሆኖ አያውቅም።

እየተንደረደረ ወረደ። ወንዙ ጋ ደርሶ መንገዱን በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ላይ እያየ ፈተሸ። ባሕር ዛፉ ሁሉ ተቆርጧል፤ ነጭ ቁስሉ ይታያል። እንደገና ተመለሰና ፈተሸ። ምንም የለም። ቁመቱን ከሳይክል ቁመት ጋር እያስተያየ፣ ጎንበስ ቀና እያለ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ፈተሸ። ያ አላህ፣ ያ አላህ ይላል። ደቂቃው ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጦ ኪሱ ውስጥ ያለውን ጨርቅ ጭምቅ ሲያደርገው አንድ ነገር አውራ ጣቱን ወጋው።

አውጥቶ አየው። ጨርቁ ላይ የተሰበረ እሾህ ተሰክቷል። እንደ ድመት ጥፍር የጎበጠ የቀጋ እሾህ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ቀጋ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። እሱም ከታች አይደለም። ከላይ፣ ከትልቁ ድንጋይ መታጠፊያ ቀጥሎ፣ ቁልቁለቱ ከሁሉ በሚብስበት ቦታ ነው።

ሰዓቱን አየ። ስምንት ደቂቃ ይቀራል።

ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ዳገቱን በእጁም በጉልበቱም ወጣው። እየወጣ ደወለ፤ አሁን ሁሉንም ሊናገር፣ ሕዝብ ፊት ሊናገር፣ ከፈለጉ እስኪበቃቸው ድረስ ይስደቡኝ ብሎ ደወለ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። እንደገና ደወለ። ያን ጊዜ አስያ ባንዲራ ይዛ መነሻው መስመር ላይ ቆማ ነበር። ከላይ የሰው ጩኸት መጣ፤ ቀጥሎ ፊሽካ ተነፋ። አሥራ አንድ ሴቶች ተለቀቁ።

ድንጋዩ ጋ ሲደርስ አየው። የቀጋው ክንድ የሰው አውራ ጣት ያህል ይወፍራል፤ ከግራ ተነስቶ መንገዱን ተሻግሮ፣ ልክ በጋላቢ ፊት ቁመት ላይ ተዘርግቷል። መታጠፊያው ስለሚሸፍነው ላዩ ላይ እስኪደርሱ ድረስ አይታይም። ሊሰብረው ሞከረ፤ ጎበጠለት እንጂ አልተሰበረም። መቀስ የለ፣ ቢላዋ የለ። የአንገት ልብሱ እንኳ የለ፣ እጁን የሚጠቀልልበት። ከመንገዱ መሃል ቆሞ እንዳያስቆማቸው፣ በዚያ ፍጥነት ድንጋዩ ላይ ይፈጠፈጣሉ።

የጎማው ድምፅ ተሰማ። ጀማለዲን የቀጋውን ክንድ በሁለት እጁ ጨብጦ በሙሉ ክብደቱ ወደ ዳር ሳበው። እሾሁ መዳፉ ውስጥ ገባ። ጮኸ፤ ግን አልለቀቀም።

የመጀመሪያዋ ሽው ብላ አለፈች። ሁለተኛዋ አለፈች። ደሙ ክንዱ ላይ እየወረደ እጅጌው ውስጥ ይገባል። ሦስተኛዋ ቢጫ ሄልሜት አድርጋለች። ዋርዳ ናት።

«አባ! ምን እያደረግክ ነው?» አለች ሳትቆም።

አለፈች። ፊቷ ደህና፣ ዓይኗ ደህና። ጀርባዋን አየው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ፤ እጁም ተከፈተ።

ማንም ክፈት አላለውም። አሥራ አንድ እንደሆኑ ያውቃል፤ ስምንት እንደቀሩ ያውቃል። ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ የሮጠው፣ እጁም የያዘው ለአንዲት ልጅ ነበር፤ እሷ ስታልፍ ሥራውን የጨረሰ መሰለው። የቀጋው ክንድ ተፈናጥሮ ወደ ቦታው ተመለሰ። የዋርዳን ጎማ ተከትላ፣ ከአሥር ሜትር በማይበልጥ ርቀት፣ ናፍቆት እየመጣች ነበር።

ድምፁን ሰማው። ሳይክሉ ለብቻው ትንሽ ሄዶ ወደቀ። ከኋላ ያሉት ፍሬን ያዙ፤ ጮሁ፤ አንዷ በሌላዋ ላይ ወደቀች። ናፍቆት መሬት ላይ ተቀምጣ ግራ ዓይኗን በጓንቷ ይዛለች። በጣቶቿ መሃል ደም ይወርዳል።

«ጋሼ» አለች በቀኝ ዓይኗ ስታየው፣ «ጋሼ፣ አይታየኝም።»

ተንበርክኮ ያዛት። ምን እንዳላት አያስታውስም። ዋርዳ ሳይክሏን ጥላ እየሮጠች ዳገቱን ተመልሳ የጓደኛዋን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። ሚልኬሳ አምቡላንስ ሊጠራ ስልኩን ይዞ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። ከዚያ አስያ በሳይክሏ ከላይ ደረሰች። ናፍቆትን አየች፤ ቀጥሎ መንገዱ ላይ የተዘረጋውን የቀጋ ክንድ አየች። ከየት በኩል እንደመጣ ተከትላ ሥሩ ድረስ አየችው። እጇ ሳታስበው ወደ ጠፋው ዓይኗ ሄደ።

«በግራ በኩል ነው» አለች። «በግራ ስለሆነ አላየሁትም። አላሰርኩበትም። ጨርቁማ ሙሉ ነበር፤ እኔ ነኝ ሳላይ ያለፍኩት። በአንድ ዓይን ይህን ሥራ አልይዝም ማለት ነበረብኝ። እናቷን ምን እላታለሁ?» አለችና እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

አንዷ ልጅ፣ «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ተዪ» እያለች ትከሻዋን ያዘች። ሁሉም አመኗት። አሮጊቷ እንጨታቸውን ይዘው ሄደዋል። ባልዲው ውስጥ ያለው ጨርቅ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የትኛው ከየት እንደመጣ የሚለይ ሰው የለም። ጀማለዲን ዝም ቢል፣ ነገሩ እስከ ዕለተ ሞቱ ዝም እንዳለ ይቀር ነበር። ይህን አሰበ። አሰበ እንጂ አላሰበም አልልም፤ ደሙ ከመዳፉ እየተንጠባጠበ፣ አስያ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ ወስዳ እስክታለቅስ ድረስ አሰበበት።

ከዚያ ተነስቶ እጁን ኪሱ ከተተና ቀዩን ጨርቅ አውጥቶ ጉልበቷ ላይ አኖረው። እሾሁ አሁንም ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ነበር።

«አይተሽዋል» አላት። «አስረሽበታል። አንዲት ሴት ናቸው ሳይቆረጥ የፈቱት። ስልሳ አንድ ነበር የተመለሰው፤ አንዱን ከመቀሴ ፈትቼ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ስደውልልሽም አውቅ ነበር።»

አስያ ጨርቁን አየችው።

ዋርዳ ከናፍቆት ላይ ቀና አለች፤ በሁለቱም ደህና ዓይኖቿ አባቷን አየችው።