እማዬን ቀለም ስንቀባ

ሐኪሙ "ዓይንህ ከዚህ በኋላ ብዙ አያስኬድህም" ባለኝ ሰሞን፣ ሰው ያዘዘኝን የቅርጽ ሥራ ሁሉ ትቼ የእናቴን ምስል ከእንጨት መቅረጽ ጀመርኩ። እሷ ከሞተች ቆይታለች። ፎቶዋ አለ፤ ግን ፎቶ ቢዳብሱት ያው ወረቀት ነው። እኔ የፈለግሁት ሲጨልምብኝ ጣቴ የሚያገኛትን እናት ነበር። ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ፣ ስትስቅ ከአፏ ጥግ የሚወጣውን ሽብሽብ፣ ሁሉንም በቀጭኗ መሮ ቆፍሬ አወጣሁት። አገጯ ጋ ስደርስ ዓይኔ ጠፋ። አገጯን በዳበሳ ጨረስኩት።

ከዚያ ወዲያ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ፊቷን መዳበስ ሥራዬ ሆነ። ታናሽ እህቴ አይታ አይታ "ነቀዝ ሳይጨርሳት ቀለም ልቀባልህ" አለችኝ። ከንፈሯን ስትቀባ እንኳ ጥርሷን የምታቀላ ሴት ናት። ቢሆንም ነቀዙ እውነት ነበር፤ ከግርጌ ዱቄት ማራገፍ ጀምሯል።

"መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጊያት፤ አቧራውን ጥረጊ" አልኳት። "ስንጥቅ ካለ በስቱኮ ድፈኚ። ቀለሙን አቅጥነሽ ቀቢ፤ ሳይደርቅ እንዳትደርቢበት። ቫርኒሽ መጨረሻ ላይ ነው።"

"እሺ ጋሼ። ሕፃን አደረግከኝ እኮ።"

የቀለም ሽታ ደረቴን ስለሚያፍነኝ ቤቷ ወስዳ ሠራችው። ይዛት ስትመጣ ገና ከበሩ ወሬዋን ጀመረች።

"የመሮው ምልክት ፊቷን አሻክሮት ነበር። ሁሉንም በስቱኮ ደፍኜ መስታወት አስመሰልኩልህ። ጠባሳዋንና ሽብሽቧን ግን አልረሳሁም፤ በቀጭን ብሩሽ ሣልኳቸው።"

ተቀበልኳት። ጣቴ ቅንድቧ ላይ ሄደ፤ ምንም የለም። ወደ አፏ ወረደ፤ እዚያም ምንም የለም። እንቁላል የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ቅስሜ ስብር አለ።

እህቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፤ ደስ ብሏት ነው። "ቁርጥ እማዬን ሆነች እኮ፣ ጋሼ። ልትናገር ምንም አልቀራት።"

ዓይኔ ከጠፋ ጀምሮ የምታበስልልኝ፣ የምታጥብልኝ እሷ ናት። "እጄ አመድ አፋሽ ነው" ማለት ልማዷ ነው፤ ከእኔ አፍ ምስጋና ስለማይወጣ እውነቷን ነው። ታዲያ ያን ቀን ምን ልበላት? እንደገና ቆፍሬ እንዳላወጣው ደግሞ በምን ዓይኔ?

"እጅሽ ይባረክ" አልኳት። ሁለቴ ነው ያልኩት።

መደርደሪያው ላይ አስቀመጠቻት። በማግስቱ የድሮ ጎረቤታችን ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ንግግሩን አቋረጠ። "እትዬ" አለ ቀስ ብሎ፤ እኔን ገና ሰላም አላለኝም። "ጠባሳዋ እንኳ አልቀረም" ብሎ አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት።

ዓይን ያለው ሁሉ እናቴን እያየ ይወጣል። እኔ ሰው ሲሄድልኝ አወርዳትና ፊቷን እዳብሳለሁ። ማን እንደሆነች አላውቅም።